የእናቶችን የእንጨት ቤት በሎደር ላፈረሱት ክቡር ኃላፊ

የካቲት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጭሮ (አሰበ ተፈሪ)

ለተከበሩ የከተማ ውበትና የዘመናዊ ግንባታ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰላም፣ ወንበርዎም የጸና ይሁን እያልኩ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። እኔ ነቢዩ ህሩይ እባላለሁ፤ አምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አባቴ በሚኤሶ ባቡር ጣቢያ አናጢ ነበሩ፣ እኔም በዚችው በጭሮ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በአናጢነት ኖሬአለሁ። ከዚህ በፊት ሦስት ደብዳቤ ጽፌልዎ ሦስቱም በመዝገብ ቤትዎ ገቢ ተደርገው ማኅተም አርፎባቸዋል፤ መልስ ግን አላገኘሁም። ሥራ በዝቶብዎት እንጂ ንቀው እንዳልሆነ ስለማምን፣ የማንበቡን ድካም የከተማው ሕዝብ እንዲያግዝዎ ብዬ አራተኛውን በግልጽ ጽፌዋለሁ። የምጽፈውም ለወቀሳ አይደለም። ለከተማችን ስላደረጉልን ነገር በየተራ ለማመስገን ነው።

አንደኛ፤ እንጨት የተፈጥሮ ጠላት መሆኑን ስላስተማሩን አመሰግናለሁ።

ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር ከጽሕፈት ቤትዎ ለጤና ጣቢያችን በተጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ በግቢው ውስጥ ያለው የነፍሰ ጡር እናቶች ማቆያ «ከእንጨት የተሠራ በመሆኑ የደን ጭፍጨፋን የሚያበረታታና የከተማዋን አረንጓዴ ራእይ የሚጻረር» ስለሆነ በሰባት ቀን ውስጥ እንዲፈርስ ታዟል። ይህን ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ። እንጨቱ ከየት እንደመጣ ደብዳቤውን ያረቀቀው ሰው ስላልጠየቀ፣ ሳይጠየቅ መናገር ድፍረት ቢሆንም ልንገርዎ።

ከከተማው በላይ ያለውን ተዳፋት ያውቁታል። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ እዚያ ቦታ ዛፍ የሚባል አልነበረም፤ ጎርፍ የቦረቦረው ቀይ አፈር ብቻ ነበር፤ ክረምት በገባ ቁጥር ጭቃው እስከ ገበያው ድረስ ይወርድብን ነበር። አዴ ዙህራ አብዱላሂ የሚባሉ ጫት በመሸጥ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናት አርባ ሴቶችን ሰብስበው ያንን ገደል ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ተከሉበት። ውኃውን በጀሪካን ተሸክመው እያወጡ አጠጡ፤ ፍየል እንዳይበላው በየተራ ጠበቁ። ከተከሉት ግማሹ ደረቀ፣ በዓመቱ መልሰው ተከሉ። ጎርፉ ቆመ። ዛፉም አድጎ እርስ በርሱ መጠጋጋት ሲጀምር፣ የግብርና ባለሙያው ካልሳሳ ሁሉም ቀጭን ሆኖ ይቀራል አላቸውና ከየሦስቱ አንዱን ቆረጡ።

በዚያው ሰሞን አዋላጅ ነርሷ ሲስተር ገሊላ ወደ አዴ ዙህራ መጥታ ነበር። ከበደሳ በኩልና ከሚኤሶ ቆላ የሚመጡ፣ መውለጃቸው የደረሰ ሴቶች ማረፊያ አጥተው በጤና ጣቢያው መተላለፊያ ላይ ነጠላቸውን አንጥፈው ይተኙ እንደነበር ነገረቻቸው። አዴ ዙህራ ሴቶቻቸውን ሰብስበው ተመካከሩና እንጨቱን ለቤት ሰጡ። እኔም ጉልበቴን ሰጠሁ። ምስጥ እንዳይደርስበት በድንጋይ መሠረት ላይ አቆምኩት፤ ምሰሶውን በባሕር ዛፍ፣ ግድግዳውን በጥድ ጣውላ ሠራሁ፤ መጋጠሚያውን ሁሉ በሚስማር ሳይሆን በቡሎን አሠርኩት። ስምንት አልጋ ይይዝ ነበር። ቀን አይሞቅም፣ ሌሊት አይበርድም። በአምስት ዓመት ውስጥ ከአራት መቶ የማያንሱ እናቶች አርፈውበታል።

ክቡር ሆይ፣ ዛፍ ሲያድግ ከአየር የሚስበው ካርቦን እንጨቱ ቤት ሆኖ እስከቆመ ድረስ እዚያው ታስሮ እንደሚቀመጥ፣ ሲሚንቶ ግን ድንጋይ በእሳት ተቃጥሎ እንደሚሠራና ጢሱ ወደ ሰማይ እንደሚወጣ፣ ከዚያም በከባድ መኪና ነዳጅ እያቃጠለ ዳገቱን ወጥቶ እንደሚደርሰን የነገረኝ ያው የግብርና ባለሙያ ነው። የተቆረጠው ባሕር ዛፍ ደግሞ ከጉቶው አቆጥቁጦ ዛሬ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ሆኗል። ሲሚንቶ ግን ከተፈጨ በኋላ ሲያቆጠቁጥ አይቼ አላውቅም። እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎትና ምናልባት አይተው ይሆናል።

ሁለተኛ፤ በቢሮዎ ስላስተናገዱኝ አመሰግናለሁ።

ደብዳቤው በደረሰ በማግስቱ እኔና ሲስተር ገሊላ መጥተን ከጠዋት እስከ ቀትር ደጅ ጠንተን ገባን። እሷ በወር ስንት እናት እንደምታስተኛ የሚገልጽ ወረቀት ይዛ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያየ ይመን ብዬ አንድ ቡሎንና አንድ ቁራጭ ጣውላ በፌስታል ይዤ ነበር። ወረቀቱን ሳያነቡ መለሱላት፤ ጣውላውን ጠረጴዛዎን እንዳያቆሽሽ መሬት ላይ እንዳስቀምጠው ጠየቁኝ። ጠረጴዛዎ ራሱ የዋንዛ ነበር፤ በጣም ያምራል፤ የሠራውን ሰው አውቀዋለሁ። ከዚያ የወደፊቱን ሕንፃ ሥዕል በኮምፒውተርዎ አሳዩን። ባለ ሁለት ፎቅ፣ ፊቱ ሁሉ መስታወት ነው። ሲስተር ገሊላ አሮጌው ከመፍረሱ በፊት አዲሱ ቢጀመር፣ ቢያንስ አንድ ክፍል እስኪደርስ ቢጠበቅ ብላ ለመነችዎት። ያኔ የሰጧትን መልስ አልረሳሁትም፤ ቃል በቃል እጽፈዋለሁ።

«ሲስተር፣ እንጨት የድሮ ነው። እናቶቻችን ዘመናዊ ነገር ይገባቸዋል።»

ወጥተን ስንሄድ ሲስተር ገሊላ አስፋልቱ ላይ ቆም ብላ፣ ሰውዬው ክፋት ያለበት አይመስለኝም፣ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ ቤቱ ውስጥ ቢቀመጥ ሐሳቡን ይለውጥ ነበር አለችኝ። እኔ ግን እንደሷ ደግ ሰው ስላልሆንኩ አላመንኳትም።

ሦስተኛ፤ ስለ ቀን አመራረጥዎ አመሰግናለሁ።

የማፍረሻው ቀን የችግኝ ተከላው ዘመቻ የሚካሄድበት የሐምሌ ቅዳሜ እንዲሆን መወሰንዎ ጊዜ ቆጣቢ ነበር። በጠዋት ነጭ ቲሸርትና አዲስ ቡትስ ጫማ አድርገው እዚያው የአዴ ዙህራ ተዳፋት ላይ ችግኝ ተከሉ፤ ፎቶ ተነሡ፤ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ንግግር አደረጉ። አዴ ዙህራም ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ አጨበጨቡ። ከዚያ ሁሉም ተያይዘው ቁልቁል ሲወርዱ ሎደሩ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ነበር።

በዕለቱ ቤቱ ውስጥ ሦስት እናቶች ነበሩ። ፍራሻቸውን እያጠፉ፣ ፔርሙሳቸውንና ልብሳቸውን በኩርቱ ፌስታል እያደረጉ ሲወጡ አይተዋል፤ ምክንያቱም እርስዎ እዚያው ነበሩ። እኔ መሣሪያዬን ይዤ፣ አራት ሰው አዘጋጅቼ መጥቼ ነበር። ቤቱ በቡሎን የታሠረ ስለሆነ በሁለት ቀን ፈትቼ፣ አንድ ጣውላ ሳይሰበር ሌላ ቦታ መልሼ ላቆመው እንደምችል፣ እንጨት ከብሎኬት የሚለይበት አንዱ ጥቅም ይህ መሆኑን አስረዳሁ። ሎደሩ ለዚያን ቀን ብቻ የተፈቀደ ስለሆነ አይቻልም አሉኝ። አዴ ዙህራ ወደ እርስዎ ቀረብ ብለው ምን እንዳሉ ሕዝብ ይስማ።

«ልጄ፣ እነዚህን ዛፎች ስተክል አንተ ገና ተማሪ ነበርክ። ሁለት ቀን ብቻ ስጠን።»

ሰዓትዎን ተመልክተው ለሎደሩ ሹፌር በእጅዎ ምልክት ሰጡ። ቤቱ የፈረሰው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ነው። ቶሎ የፈረሰው ስለደከመ እንዳይመስልዎ፤ መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ተገፍቶ አልወደቀም ነበር፤ ሹፌሩም ወርዶ አንዴ ምሰሶውን አይቶ ወደ እኔ ዞሮ፣ ይቅርታ በሚመስል ሁኔታ አንገቱን ደፍቶ ተመልሶ ወጣ። እኔ ስሠራው የነበሩትን ቀናት እያሰብኩ እስከ መጨረሻው ቆሜ አየሁ። አዴ ዙህራ ግን አላዩም። ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ለአንድ ሳምንትም ጫት ገበያው ላይ አልታዩም።

አራተኛ፤ እንጨቱን ባለማባከንዎ አመሰግናለሁ።

ከፍርስራሹ ያልተሰበሩት ምሰሶዎችና ጣውላዎች እንደተወረሱ ተነግሮን ነበር። ከሁለት ወር በኋላ አዲሱ የአርማታ ሕንፃ ሲጀመር አየናቸው። ምሰሶዎቼ የግንበኞች መወጣጫ ሆነዋል፤ የእናቶቹ ግድግዳ የነበረው ጣውላ ተቆርጦ አርማታ የሚፈስበት ሣጥን ሆኗል። ያም ስላልበቃ ሁለት መኪና አጠና ከሌላ ቦታ ተጫነ። እኔ ለስምንት እናት ቤት የቆረጥኩት እንጨት፣ ዘመናዊው ሕንፃ አንድ ፎቅ ለማቆም ብቻ ከተጠቀመበት ግማሹን አይሆንም፤ ልዩነቱ የእኔ እንጨት ቤት ሆኖ ሊኖር ነበር፣ የእርስዎ ግን ሲሚንቶ ተለጥፎበት ሲያበቃ ማገዶ ሊሆን ነው። ከእንጨት የጸዳች ከተማ ስትገነባ ይህን ያህል እንጨት እንደሚያስፈልጋት ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሕንፃውም ዛሬ፣ ከሰባት ወር በኋላ፣ ከመጀመሪያው ፎቅ ምሰሶ አላለፈም። ፌሮው ወደ ሰማይ ተቀስሮ ዝጓል። ሲሚንቶ ጠፋ ተባልን፤ ቀጥሎ ሥራ ተቋራጩ ጠፋ ተባልን።

አምስተኛውን ምስጋና በምን ቃል እንደምጽፈው አላውቅም፤ ስለዚህ የሆነውን እንዳለ እነግርዎታለሁ።

ሳጂዳ የምትባል ሴት አለች፤ ባሏ ሙሐመድአሚን ይባላል፤ ከሚኤሶ ወደ አሰቦት በሚወስደው መንገድ ዳር ማሽላ የሚያርሱ፣ ጥቂት ፍየሎች ያሏቸው ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያ ልጇን በምጥ ሁለት ቀን ተሰቃይታ ነው የወለደችው፤ ደም ስለፈሰሳት፣ ዳግመኛ ስታረግዝ ቀኗ ሳይደርስ ወደ ጭሮ ወጥታ እንድትጠብቅ በጥብቅ ታዝዛ ነበር። ያን የመጀመሪያ ልጅ ስትወልድ አሥራ ሁለት ቀን ያረፈችው በእንጨቱ ቤት ነው። ያኔ የበሩ መወርወሪያ ላልቶ ላጠብቅ ስመጣ በአፋን ኦሮሞ መርቃኛለች፤ ስሟን የያዝኩት በዚያ ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ በታዘዘችው መሠረት መጣች። የእንጨቱን ቤት ባለበት ስታጣው መንገድ የሳተች መስሏት የጥበቃውን ሰው ጠየቀች። ሲስተር ገሊላ በገዛ ራሷ አንድ ክፍል ቤት ሌሎች ሁለት ነፍሰ ጡሮችን አስጠግታ ስለነበር ለሦስተኛ ቦታ አልነበራትም። ሳጂዳ በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስት ቀን ሰነበተች። ነፋሱ ከሁለቱም በር ይገባል፤ ሰው በላይዋ እየተሻገረ ያልፋል። በአራተኛው ቀን ሙሐመድአሚን፣ ገና ሁለት ሳምንት ከቀራት ቤቷ ተኝታ ትጠብቅ፣ ምልክት ስናይ እንመለሳለን አለ። ሲስተር ገሊላ እንዳይሄዱ ለመነቻቸው። እሱ ግን የት ትቀመጥ ብሎ ጠየቃትና ዕቃቸውን ተሸክሞ ወጣ።

ምጡ የመጣው ከተመለሱ በስድስተኛው ቀን፣ በጠዋት ነው። ሙሐመድአሚን አምቡላንስ ለማግኘት ደጋግሞ ደወለ፤ ሌላ ቦታ ሄዷል አሉት። ማሽላ የጫነ አይሱዙ ለምኖ አስቆመና ከጆንያው ላይ አስተኝቷት ተነሡ። ሚኤሶን አልፈው ወደ ጭሮ የሚያስወጣውን ዳገት ሲጀምሩ ልጁ መጣ። ሹፌሩ መኪናውን ጥግ አስይዞ፣ ከመንደር ሴቶች ጠርቶ ጋቢውን እንደ መጋረጃ ይዞ ቆመ። ወንድ ልጅ ነበር። አላለቀሰም። ሙሐመድአሚን እስከ ጤና ጣቢያው በር ድረስ በደረቱ አቅፎት፣ አፉ ላይ እየተነፈሰበት መጣ። ሲስተር ገሊላ ተቀብላው እንዲተነፍስ ለረጅም ጊዜ ሞከረች፤ አልሆነም፤ ከዚያ እጇን ታጥባ ወደ ሳጂዳ ሮጠች፤ ደሙ አልቆም ብሎ ነበርና። ሳጂዳን አተረፈቻት።

እውነቱን ለመናገር፣ ሕፃኑ በጤና ጣቢያው ቢወለድ በርግጥ ይተርፍ ነበር ብላ ሲስተር ገሊላ አትምልም። ጠይቄአት፣ ማንም ይህን ሊያውቅ አይችልም አለችኝ። ይህን የጻፍኩት ለእርስዎ የሚመችዎትን ሐሳብ ሳልደብቅ ለማስቀመጥ ነው፤ ይጠቀሙበት። እኔ የማውቀው ግን ይህን ነው፤ አዋላጇ አጠገብ ስምንት አልጋ ነበረ፣ እናቲቱም በታዘዘችበት ቀን መጥታ ነበር።

ሳጂዳን ልጠይቃት ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር። ሙሐመድአሚን ከአጠገቧ ተቀምጦ ነበር። አናጢው መሆኔን ሲያውቅ ቤቱን ለምን እንዳፈረሱት ጠየቀኝ። አካባቢን ለመጠበቅ ነው ብዬ ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ አፈርኩና መልሼ ዘጋሁት። ቤት በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ሰው ፊት አፍሬ አላውቅም ነበር፤ ይህንንም ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ቢሮዎ ሳይሰማ አይቀርም። አዴ ዙህራ ከጤና ጣቢያው አጥር ጋር የሚዋሰነውን የራሳቸውን ጓሮ ለአዲስ የእንጨት ማቆያ ሰጡ። ሴቶቹ ከተዳፋቱ ላይ እንጨት መረጡ፤ በቆረጡት ቁጥር ሁለት ችግኝ ይተክላሉ፣ ፎቶ ግን አይነሡም። የግንባታ ፈቃድ ጥያቄያችንን በጥር መጀመሪያ አስገብተናል፤ እስካሁን ድረስ «በሂደት ላይ ነው» ተብለናል። ባለፈው ሳምንት ሙሐመድአሚን በገዛ ፈቃዱ ከቆላ መጥቶ አራት ቀን መሠረት ቆፈረ። ሲጨርስ አካፋውን አጥቦ አጥሩ ላይ አስደግፎ ሄደ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ በፊታችን ሰኞ ምሰሶ ማቆም እንጀምራለን። ፈቃዱ ቢደርስልን እናመሰግናለን፤ ባይደርስም እንጀምራለን። ይህን በምስጢር ሳይሆን በአደባባይ፣ ስሜንና የምንሠራበትን ቦታ ጽፌ የማሳውቅዎ፣ ፖሊስ መላክ ቢፈልጉ ሰው ፍለጋ እንዳይደክም ነው። ሎደር የሚያመጡ ከሆነም ቀኑን አስቀድመው ይንገሩን፤ እናቶቹ ከአልጋቸው እንዳይነሡ፣ እኔና አርባዎቹ ሴቶች ከበሩ ላይ ወንበር ይዘን እንድንጠብቅዎ ነው። በዚህ ጊዜ ፊቱን የሚሸፍን ሰው አይኖርም፤ አዴ ዙህራም እንዲህ ብለው እንድጽፍ አዘውኛል።

ለከተማችን ውበት የሚደክመውን አእምሮዎን እግዚአብሔር እንዲያሳርፈው፣ የሚያፈርሱት ቤት አጥተው ደግሞ እንዳይሰለቹ እየተመኘሁ፣ በጣውላ ብናኝ በተሸፈነ እጄ ይህን ደብዳቤ ፈርሜአለሁ።

የክቡርነትዎ ትሑት አመስጋኝ፣ በሎደርዎ የፈረሰው ቤት ሠሪ፣

ነቢዩ ህሩይ፣ አናጢ

ግልባጭ፦
ለጤና ጣቢያው፣
ለአዴ ዙህራና ለአርባዎቹ ሴቶች፣
ለሚያነብ ሁሉ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የሳጂዳ ልጅ የተቀበረው ከመንደራቸው አጠገብ ባለው የሙስሊም መቃብር ነው። ባለፈው እሑድ ሄጄ አይቼዋለሁ። ዙሪያው በድንጋይ የተከበበ ነው፤ አንድም እንጨት የለበትም። ደረጃውን ያሟላ ስለሆነ የማፍረሻ ደብዳቤ እንዳይጻፍለት በትሕትና እጠይቃለሁ።